ፍርድ ቤቱ ቶኖፓ፣ ሰዉ ፓራምፕ፦ የኔቫዳ ገጠር ካውንቲዎች እንዴት ይሠራሉ?

ከላስ ቬጋስ ወደ ሬኖ የሚመላለሱ ሾፌር ወዳጆች አሉኝ። ከነሱ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። «ትኬት ተሰጠኝ፤ ፍርድ ቤቱ ግን የት እንደሆነ አላውቅም።» የትራፊክ ቅጣት ወረቀቱ ላይ የአንድ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የአስተዳደር ክፍል) ስም ተጽፏል። ከተማዋ ደግሞ በመስኮት አይተዋት ያለፏት ትንሽ ቦታ ናት።

መንገዱ ቁጥር 95 ይባላል። ረጅምና ጭር ያለ በረሃ ነው። ለሰዓታት በ70 ማይል ሲነዱ ይቆዩና ድንገት ቢቲ ወይም ጎልድፊልድ ይደርሳሉ። እዚያ ፍጥነቱ ወደ 25 ይወርዳል። እንቅልፍ የተጫነው ሰው የፍጥነት ምልክቱን ሳያይ ያልፋል። የሸሪፉ መኪና ከኋላው ይመጣል።

ወዳጆቼን ለመርዳት ብዬ ነገሩን ስመረምር ከትኬት በላይ የሆነ ጉዳይ አገኘሁ። በነዚህ ካውንቲዎች ፍርድ ቤቱ ያለበት ቦታና ሰዉ የሚኖርበት ቦታ ተለያይተዋል። ለምን እንደተለያዩ፣ ማን እንደሚያስተዳድራቸው፣ ገንዘቡስ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለሾፌር ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። አሜሪካ የሚኖር አብዛኛው ሰው አንድ ካውንቲ ውስጥ ነው የሚኖረው። ኔቫዳ ደግሞ ነገሩን በጉልህ ታሳያለች። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ካርታውን ከፍተን እንጀምር። ናይ ካውንቲ 18,159 ስኩዌር ማይል ስፋት አለው። ወደ 47,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የጂቡቲን እጥፍ ያህላል። በ2020 ቆጠራ የሚኖርበት ሰው 51,591 ነበር። ከዚህ ውስጥ 44,738ቱ የሚኖሩት ፓራምፕ በምትባል አንዲት ቦታ ነው። ከመቶ 87 እጅ ገደማ መሆኑ ነው። ፓራምፕ በካውንቲው ደቡብ ጫፍ ላይ ናት። ከላስ ቬጋስ 60 ማይል ብትርቅ ነው።

የካውንቲው መቀመጫ፣ ማለትም የአስተዳደሩ ዋና ከተማ፣ ግን ፓራምፕ አይደለችም። ቶኖፓ ናት። ቶኖፓ በ2020 የነበራት ሕዝብ ከ2,200 አይበልጥም። ከፓራምፕ ያላት ርቀት ደግሞ 165 ማይል፣ ወይም 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሐዋሳ እንደመድረስ ማለት ነው።

ርቀቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከፓራምፕ ወደ ቶኖፓ የሚሄድ ሰው በቀጥታ አይሄድም። በመሃል የቀድሞው የኒውክሌር መሞከሪያ ቦታ አለ። 1,360 ስኩዌር ማይል ያህል የተዘጋ መሬት ነው። ከ1951 እስከ 1992 ድረስ 928 የኒውክሌር ሙከራዎች ተደርገውበታል። ከጎኑ የአየር ኃይል የተኩስ ልምምድ ቦታ አለ። ስለዚህ መንገዱ ወደ ምዕራብ ይዞራል። በአማርጎሳ ቫሊ፣ በቢቲ ያልፋል። ከዚያ የካውንቲውን ድንበር ይሻገርና ኤስሜራልዳ የሚባል ሌላ ካውንቲ ውስጥ ይገባል። የዚያን ካውንቲ መቀመጫ ጎልድፊልድን አቋርጦ፣ የፍርድ ቤቷን ሕንጻ አይቶ፣ 26 ማይል ነድቶ እንደገና ወደ ራሱ ካውንቲ ይመለሳል። ቶኖፓ የድንበሩ ጫፍ ላይ ነው ያለችው።

ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። አንድ ሰው ወደ ገዛ ካውንቲው መቀመጫ ለመድረስ የሌላ ካውንቲ ፍርድ ቤት ደጃፍ ያልፋል። ሁለቱ ፍርድ ቤቶች በ26 ማይል ተቀራርበው ሲቆሙ፣ 44 ሺህ ሰው ግን 165 ማይል ርቆ ይኖራል። ማንም አስቦ እንዲህ አላቀደውም። ታሪኩን ሲያዩት ግን ምክንያት አለው።

ምክንያቱ ማዕድን ነው። ናይ ካውንቲ በ1864 ሲመሠረት መቀመጫው አዮን የምትባል መንደር ነበረች። ብር ያለው ሌላ ቦታ ነው ሲባል በ1867 ወደ ቤልሞንት ተዛወረ። ቤልሞንት ላይ በ1876 በጡብ የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ፍርድ ቤት ቆመ። ሕንጻው ዛሬም አለ፤ ከተማዋ ግን ባዶ ሆናለች። በ1900 ጂም በትለር የሚባል ሰው ቶኖፓ ላይ ብር አገኘ። ሰዉ ወደዚያ ጎረፈ። በ1905 የካውንቲው መቀመጫም ተከተለው። ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም።

የጎረቤቱ የኤስሜራልዳ ካውንቲ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ኦሮራ የምትባል የማዕድን ከተማ ነበረች። ካሊፎርኒያ የኔ ናት አለች። ኔቫዳም የኔ ናት አለች። ካሊፎርኒያ በ1861 ሞኖ ካውንቲን መሥርታ ኦሮራን መቀመጫ አደረገቻት። በዚያው ዓመት ኔቫዳ ኤስሜራልዳን መሠረተች። መቀመጫው አሁንም ኦሮራ! አንዲት ከተማ የሁለት ካውንቲ መቀመጫ ሆነች። በ1863 ቀያሾች ድንበሩን ሲለኩ ኦሮራ ጥቂት ማይል ኔቫዳ ውስጥ ሆና ተገኘች። ሞኖ ካውንቲ ጓዙን ጠቅልሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለችው ብሪጅፖርት ሄደ። ኤስሜራልዳም ኦሮራ ላይ አልቆየም። ማዕድኑ ሲያልቅ በ1883 ወደ ሆውቶርን፣ በ1907 ደግሞ ወርቅ ወደፈላባት ጎልድፊልድ ተዛወረ።

ጎልድፊልድ በዚያ ዘመን ወደ 20,000 ሰው ነበራት። የኔቫዳ ትልቋ ከተማ ነበረች። የድንጋይ ፍርድ ቤት ሠሩላት። በ1923 እሳት ተነስቶ የከተማዋን ብዙ ክፍል በላው። ፍርድ ቤቱ ግን ተረፈ። ዛሬም ችሎት ያስችላል። የሚያገለግለው ካውንቲ ግን በ2020 ቆጠራ 729 ሰው ብቻ ነበረው። ስፋቱ 3,589 ስኩዌር ማይል ነው። ለአንድ ሰው ወደ 13 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት ይደርሳል።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ የናይ ካውንቲ መቀመጫ ሦስት ቦታ ላይ ነበር። ሰዉ ሲሄድ ፍርድ ቤቱም አብሮ ይሄድ ነበር። ከ1905 በኋላ ግን ቆመ። ፓራምፕ ከ1970ዎቹ ወዲህ በርካሽ መሬትና በላስ ቬጋስ ቅርበት ስታድግ መቀመጫው አልተከተላትም። በድሮው ልማድ ቢሆን ኖሮ ተነቅሎ ይሄድ ነበር።

ታዲያ ማን ነው የሚያስተዳድረው?

ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ካውንቲን ከወረዳ ጋር ማመሳሰል ይቀናናል። በከፊል ልክ ነው። ልዩነቱ ግን ሥልጣኑ የሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። እኛ አገር የወረዳ ዳኛ ይሾማል፤ ፖሊሱም የሚታዘዘው ከላይ ነው። እዚህ ሸሪፉ ይመረጣል። አቃቤ ሕጉ ይመረጣል። የመሬት ግብር ገማቹ፣ ገንዘብ ያዡ፣ መዝጋቢው ይመረጣሉ። ዳኛውም ይመረጣል። ሸሪፉ የኮሚሽነሮቹ ሠራተኛ አይደለም። ኮሚሽነሮቹ በጀቱን ይይዛሉ እንጂ ሊያባርሩት አይችሉም። ሁሉም ለየብቻው ለመራጩ ነው የሚጠየቀው።

ኮሚሽነሮች የምላቸው የካውንቲው ምክር ቤት አባላት ናቸው። ናይ አምስት አለው። ኤስሜራልዳ ሦስት። መንገድ የሚያስጠግኑት እነሱ ናቸው፤ የመሬት አጠቃቀም የሚወስኑትም፣ በጀት የሚያጸድቁትም እነሱው። በሁለቱም ካውንቲዎች ውስጥ የራሱ ከንቲባ ያለው አንድም ከተማ የለም። 44 ሺህ ሰው ያላት ፓራምፕ እንኳን ከንቲባ የላትም። ድሮ የራሷ የተመረጠ ቦርድ ነበራት። ነዋሪዎቹ በድምፅ አፈረሱትና ከ2015 ጀምሮ የካውንቲው ኮሚሽነሮች በቀጥታ ያስተዳድሯታል። ስለዚህ ካውንቲ እዚያ ሩቅ ያለ መሥሪያ ቤት አይደለም። ለዕለት ኑሮ ያለው ብቸኛው የአካባቢ መንግሥት እሱ ነው።

ከዚያ ፍርድ ቤቱ አለ። ሁለት ደረጃ እንደሆነ ማወቅ ይበቃል። ከታች የሰላም ዳኛ የሚባለው አለ። ትኬት፣ ቀላል ወንጀል፣ ከቤት ማስወጣት፣ እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ትንሽ የገንዘብ ክርክር እሱ ጋ ይታያል። ከባድ ወንጀልም ቢሆን መጀመሪያ እሱ ጋ ነው የሚቀርበው። በገጠር ይህ ዳኛ የሕግ ትምህርት የተማረ መሆን የለበትም። ሕጉ የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብቻ ነው። ለስድስት ዓመት ይመረጣል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ነገር ግን ሽምግልናን የምናውቅ ሰዎች ነን። አካባቢውን የሚያውቅ፣ ሰዉ የሚያከብረው ሰው ብዙ ነገር ማስታረቅ ይችላል። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የማያውቁት፣ ከውጭ የመጣ፣ ቋንቋው የተሰባበረ ሰው ፊቱ ሲቆም ያ የአካባቢ እውቀት ምን ይጠቅመዋል? እዚህ ላይ የሕግ ሥልጠና ልዩነት ያመጣል ብዬ አምናለሁ።

ከላይ ደግሞ የዲስትሪክት ፍርድ ቤት አለ። ናይና ኤስሜራልዳ በአንድ ላይ አምስተኛው የዳኝነት ዲስትሪክት ይባላሉ። የዳኞቹ ሥራ የሚበዛው ፓራምፕ ላይ ነው። ለቶኖፓና ለጎልድፊልድ ጉዳዮች መንገድ አለባቸው። የኛን ተዘዋዋሪ ችሎት የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። እዚያም የተለመደው መላ አንድ ነው። ባለጉዳዩ አንድ ቀን ከሚጓዝ ዳኛው ይጓዝ።

729 ሰው ባለበት ካውንቲ የጁሪ፣ ማለትም ፈራጅ ሆነው የሚቀመጡ ነዋሪዎች፣ ነገርስ? ለከባድ ወንጀል አሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ተከሳሹን የማያውቅ፣ የተበዳዩ ዘመድ ያልሆነ፣ ከሸሪፉ ጋር የማይጎራበት። ልጆችንና ሽማግሌዎችን ሲቀንሱት የሚቀረው ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ይህ ችግር ሲከፋ ጉዳዩ ወደ ሌላ ካውንቲ ሊዛወር ይችላል። ያኔ ፍርድ ቤት በደጅ መኖሩ ምን ትርጉም አለው?

ትንሽነት ሌላም ገጽታ አለው። በሰኔ 2022 በኤስሜራልዳ የማጣሪያ ምርጫ ተደርጎ ነበር። አንዳንድ ነዋሪዎች ማሽኑን አናምንም አሉ። ውጤቱን ለማጽደቅ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነበር። ኮሚሽነሮቹና ሠራተኞቹ ተቀምጠው የድምፅ መስጫ ወረቀቱን በእጅ ቆጠሩ። 317 ወረቀት ነበር። ከሰባት ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። አንዳንዱ ይህን እንደ ጊዜ ብክነት ያየዋል። እኔ ሁለቱንም ነገር አየሁበት። አንደኛ፣ መንግሥት ማለት የጎረቤት ሰው ሲሆን ጥርጣሬ ያለው ሰው ፊት ለፊት መልስ ያገኛል። ሁለተኛ፣ 317 ወረቀት ሰባት ሰዓት ከፈጀ 44 ሺህ ሰው ባለበት ቦታ ይህ መንገድ እንደማይሠራ ማንም ይረዳል። ናይ ካውንቲ በዚያው ዓመት ለጠቅላላው ምርጫ የእጅ ቆጠራ ሞክሮ ነገሩ እስከ ኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የነዚህ ካውንቲዎች ትልቁ ራስ ምታት እሱ ነው። የካውንቲ አንዱ ዋና ገቢ የመሬትና የቤት ግብር ነው። በናይም በኤስሜራልዳም ግን ከመቶ 95 በላይ የሚሆነው መሬት የፌዴራል መንግሥት ነው። የፌዴራል መንግሥት ደግሞ ለካውንቲ ግብር አይከፍልም። በ1976 የወጣ ሕግ ማካካሻ የሚሆን ክፍያ ለካውንቲዎች እንዲሰጥ አድርጓል። መጠኑ ግን በመሬቱ ዋጋ አይሰላም፤ ኮንግረስ በሚመድበው ላይ ይመሠረታል። መንገዱ ግን አይቀርም። በረሃ ላይ መኪና የተገለበጠበትን ሰው የሚያነሳው የካውንቲው ሰው ነው። መሬቱ የዋሽንግተን፣ አደጋው የካውንቲው።

ከዚህ ሌላ ማዕድን አለ። ኔቫዳ ከማዕድን ድርጅቶች የተጣራ ገቢ ግብር ትወስዳለች። የተወሰነው ለካውንቲው ይመለሳል። ዋጋው ሲወጣ ካውንቲው ያገኛል፤ ሲወድቅ ሸሪፉ ሰው ይቀንሳል። ኤስሜራልዳ ውስጥ ሲልቨር ፒክ የሚባል ቦታ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከጨው ውኃ ሊቲየም ይወጣል። ለረጅም ጊዜ በአሜሪካ የሚሠራ ብቸኛው የሊቲየም ቦታ እሱ ነበር። አሁን የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ስለሆነ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ነው። ራዮላይት ሪጅ ለሚባል አዲስ የሊቲየም ፕሮጀክት የፌዴራል መንግሥት በጥቅምት 2024 ፈቃድ ሰጥቷል። እዚያ ብቻ የምትበቅል አንዲት አነስተኛ የዱር አበባ አለች። በ2022 የመጥፋት አደጋ ያለባት ተብላ ተመዝግባለች። ክርክሩ ገና አላበቃም። በሌላ በኩል ኤስሜራልዳ ውስጥ ሊሠራ የታቀደ እጅግ ግዙፍ የፀሐይ ኃይል ፕሮጀክት ነበር። በ2025 መኸር የፌዴራሉ ግምገማ ተቋረጠ።

ሁለቱንም ውሳኔ የሰጠው ዋሽንግተን መሆኑን አስተውሉ። የጎልድፊልድ ሦስት ኮሚሽነሮች ይመክራሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ስብሰባ ይጠራሉ። መወሰን ግን አይችሉም። የካምፕ ሠራተኛ ሲመጣ መንገዱን፣ የድንገተኛ ሕክምናውን፣ የእስር ቤቱን አልጋ የሚያዘጋጁት ግን እነሱ ናቸው። የውኃው ነገርም እንዲሁ ነው። በ2017 የኔቫዳ የውኃ ኃላፊ በፓራምፕ ሸለቆ አዲስ የቤት ጉድጓድ ላይ ገደብ ጣለ። ሰዎች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለኃላፊው ፈረደ። ካውንቲው ቤት የመሥራት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ግን በስቴቱ እጅ ነው።

ገንዘብና ድንበር ሲገናኙ ምን እንደሚመጣ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ካውንቲ ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

በ1987 ኮንግረስ የአገሪቱን የኒውክሌር ቆሻሻ የሚቀብርበት ቦታ እየፈለገ ነበር። ዓይኑ ያረፈው ናይ ካውንቲ ውስጥ ባለው ያካ ማውንቴን ላይ ነው። ቦታውን ለሚያስተናግድ አካባቢ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ይመጣል። ገንዘቡ ለናይ ካውንቲ ከሚሄድ ለስቴቱ ይግባ የሚል ሐሳብ መጣ። የኔቫዳ ምክር ቤት የዓመቱ ስብሰባ ሊዘጋ ሲል አንድ ሕግ አጸደቀ። ከናይ ካውንቲ መሃል 144 ስኩዌር ማይል ተቆርጦ አዲስ ካውንቲ ተመሠረተ። ስሙ ቡልፍሮግ ካውንቲ። አገረ ገዢው ሪቻርድ ብራያን ፈረሙበት።

ቡልፍሮግ ካውንቲ ውስጥ የሚኖር ሰው አልነበረም። አንድም። ሕንጻ የለውም። መቀመጫው በረሃው ውስጥ ሳይሆን ከ250 ማይል በላይ ርቃ ባለችው የስቴቱ ዋና ከተማ ካርሰን ሲቲ ሆነ። መራጭ ስለሌለ ኮሚሽነሮቹን አገረ ገዢው ሾሙ። የመሬት ግብሩ ሕጉ በሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን ተተመነ።

ከዚያ አንድ የሕግ ጥያቄ ተነሳ። እዚያ መሬት ላይ ከባድ ወንጀል ቢሠራስ? ተከሳሽ ወንጀሉ በተሠራበት ካውንቲ ሕዝብ መካከል በተመረጠ ጁሪ የመዳኘት መብት አለው። ካውንቲው ውስጥ ሰው ከሌለ ጁሪው ከየት ይመጣል? ፍርድ ቤት የሌለው፣ ዳኛ የሌለው፣ የሚፈርድ ጎረቤት የሌለው ቦታ ተፈጠረ። የዚህ ዓይነት ክፍተት ሌላም ቦታ አለ። የሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ ወደ አይዳሆ የሚገባ 50 ስኩዌር ማይል ያህል መሬት አለው። በፌዴራል ፍርድ ቤት አደረጃጀት ግን የዋዮሚንግ ዲስትሪክት ነው። ሰው አይኖርበትም። በ2005 አንድ የሕግ ፕሮፌሰር ያንን ጉድለት ጽፎ አሳይቷል።

ናይ ካውንቲ ቡልፍሮግን ከሰሰ። በ1988 ዳኛ ሕጉ የኔቫዳን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብሎ ፈረደ። በ1989 ካውንቲው ፈርሶ መሬቱ ወደ ናይ ተመለሰ። ዕድሜው ሁለት ዓመት ገደማ ነበር።

ለኔ ቁም ነገሩ ይህ ነው። ካውንቲን በወረቀት ላይ መሳል ቀላል ነው። መስመር፣ ስም፣ የግብር መጠን። ሕይወት የሚሰጠው ግን ሰው ተከሶ የሚቆምበትና ጎረቤቱ ተቀምጦ የሚፈርድበት ችሎት መኖሩ ነው። ቡልፍሮግ ያ ስላልነበረው አልቆመም። ኤስሜራልዳ ደግሞ 729 ሰው ይዞ ያ ስላለው ቆሟል።

እንዲህ ከሆነ የናይ ካውንቲ መቀመጫ ወደ ፓራምፕ ቢዛወርስ? ቁጥሩን ብቻ ካየን መልሱ አዎ ነው። ከመቶ 87 እጅ ሰው እዚያ ነው። በተግባርም አብዛኛው ቢሮና ችሎት እዚያ አለ። እኔ ግን ስሙም አንዳንዱ ሥራም ቶኖፓ ላይ ቢቆይ እመርጣለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ፓራምፕ ያለ ሰው ፍርድ ቤት ቢዘጋበት በአንድ ሰዓት ላስ ቬጋስ ይደርሳል። ጠበቃ ያገኛል። ሐኪም ያገኛል። ቶኖፓ ያለ ሰው ያ የለውም። ከተማዋ የነበራት ብቸኛ ሆስፒታል በነሐሴ 2015 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ቅርብ የሚባለው ሆስፒታል ከ100 ማይል በላይ ነው። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ሄዱ። ኤስሜራልዳ የራሱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለው ልጆቹ የሚማሩት ቶኖፓ ነው። ስለዚህ ቶኖፓ ላይ የሚዘጋ ነገር ሁሉ ሁለት ካውንቲ ይጎዳል። ከሆስፒታሉ በኋላ ፍርድ ቤቱና የካውንቲው ቢሮ ቢሄዱ ደመወዝ የሚከፍል ሌላ ትልቅ ቀጣሪ ይጠፋል።

በቪዲዮ ይሁን የሚሉ አሉ። ከኮሮና ወዲህ ብዙ ቀጠሮ በቪዲዮ ይታያል። ለትኬትና ለአጭር ቀጠሮ ትልቅ እፎይታ ነው። ለሾፌር ደግሞ የአንድ ቀን ገቢ ማዳን ነው። ሰው ልጁን የሚነጠቅበት ወይም ከቤቱ የሚወጣበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት በረሃ፣ በስልክ መስታወት፣ በአስተርጓሚ በኩል ሲነገር ግማሹ ይጠፋል። በአስተርጓሚ ተከራክሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል። እንዲህ ላለው ጉዳይ ዳኛው መኪናውን አስነስቶ ቢመጣ ይሻላል።

ስለዚህ የችሎት ቦታ ሲወሰን የሕዝብ ብዛት ብቻ መታየት የለበትም። አንድ ሰው ሌላ አማራጭ ለማግኘት ስንት ማይል ይነዳል የሚለውም መታየት አለበት። በዚህ መለኪያ 2,200 ሰው የማይሞላት ቶኖፓ ከፓራምፕ ይልቅ ፍርድ ቤት ያስፈልጋታል።

ወደ ሾፌር ወዳጆቼ ጥያቄ ልመለስ። ትኬቱ ላይ «ናይ ካውንቲ» የሚል ካለ አይበቃም። ከሥሩ የታውንሺፑን፣ ማለትም የራሱ ችሎት ያለውን የካውንቲውን ክፍል፣ ስም ፈልጉ። ናይ ውስጥ ፓራምፕ፣ ቢቲና ቶኖፓ ለየብቻቸው ችሎት አላቸው። ቢቲ ያለ ትኬት ቶኖፓ ሄዶ አይከፈልም። ኤስሜራልዳ ከሆነ ጎልድፊልድ ነው።

ከጥር 1 ቀን 2023 ወዲህ ኔቫዳ ውስጥ አብዛኛው ቀላል የትራፊክ ጥፋት ወንጀል መሆኑ ቀርቷል። ድሮ ትኬት ያልከፈለ ሰው የእስር ማዘዣ ይወጣበት ነበር። አሁን እንደ ፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው የሚታየው። መልስ ለመስጠት 90 ቀን አላችሁ። ዝም ካላችሁ ግን ጥፋቱን እንደፈጸማችሁ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም ይጸናል። ሰክሮ መንዳትና የመሳሰለው ከባድ ነገር ዛሬም ወንጀል ነው።

ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ያላችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በግል መኪና እንደሚነዳ ሰው «ኮርስ ልውሰድና ከመዝገቤ ይጥፋልኝ» ማለት አትችሉም። የፌዴራል ደንቡ ስቴቶች የንግድ ሾፌርን ጥፋት እንዳይሸፍኑ ይከለክላል። ስለዚህ ቶሎ ብሎ መክፈል ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም። መክፈል ጥፋቱን ማመን ነው። መዝገባችሁ ላይ ይቀመጣል፤ አሠሪያችሁም ያየዋል። ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ችሎቱ ጸሐፊ ደውሉ። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቀጠሮው በቪዲዮ መሆን ይችል እንደሆነ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ከስንት ቀን በፊት መጠየቅ እንዳለበት። ስልኩን የምታነሳው ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ቢሮው ውስጥ ካሉት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አንዷ ናት። ስማችሁንና የትኬት ቁጥሩን ቀስ ብላችሁ ፊደል በፊደል ንገሯት፤ የእሷንም ስም ጻፉ።